ምድጃ ዳር የተቀመጠችው ጠርሙስ

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ጽጌረዳን ከነጭ ሽንኩርት አሽትተህ ለይ ብትሉኝ እቸገራለሁ። የቤታችን አፍንጫ ባለቤቴ ነበረች። ሳሙና ስትሠራ የትኛው ዘይት ስንት ጠብታ እንደሚበቃው አሽትታ ብቻ ታውቅ ነበር። ከዚያ ክፉ ጉንፋን ያዛት፤ ሲለቃት ማሽተቷንም ይዞባት ሄደ።

ሐኪሙ፣ "በየማለዳው አንድ የምታውቂውን ሽታ አሽትቺ፤ ቀስ እያለ ሊመለስ ይችላል" አላት። የሎሚ ዘይት መረጠች። ሦስት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ትንሿን ጠርሙስ አፍንጫዋ ላይ ትደቅናለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች። ሌላ ነገር ማሽተቱንማ ጭራሽ ፈራችው። አንጀቴን በላችው።

በመጨረሻ፣ "ዕቃውን ልሽጠውና ይውጣልኝ" አለች። "ሽታ የማይለይ ሳሙና ሠሪ ምን ይሠራል?"

ሊገዛ የመጣው አንድ ሽማግሌ ሳሙና ሠሪ ነው። ድስቶቹን አንኳኳ፣ የእንጨት ቅርጾቹን ገለባበጠ፤ ከዚያ ምድጃው ዳር ያለችውን ጠርሙስ አንስቶ አሸተተና ግንባሩን ቋጠረ።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"የሎሚ ዘይት" አለች ባለቤቴ።

"ነበር በይኝ፣ ልጄ። ማነው ከፍቶ እሳት ዳር ያስቀመጠው?"

"እኔ ነኝ" አልኩ። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ምድጃው ዳር እያስቀመጥኩ ክዳኑን የማላላው እኔ ነበርኩ፤ ሽታው ቤቱን ሞልቶ ሳታስበው እንዲደርሳት ብዬ። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ማለት ይሄ ነው።

"የሎሚ ሽታ እኮ ዘይቱ ራሱ ነው፤ ተንኖ አፍንጫችን ድረስ ሲመጣ" አለ ሽማግሌው። "ዘይቶች ሁሉ እኩል አይተኑም። የሎሚው ቀላል ስለሆነ ቀድሞ ይሄዳል፤ ሙቀት ካገኘማ አይጠየቅም። እዚህ የቀረው ከባዱ አተላ ነው። እኔንም ምንም አልሸተተኝ።"

ባለቤቴ ዞር ብላ አየችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ያልተከፈተ የለሽም?" አላት።

ከቁም ሳጥኑ ውስጥ አንዲት ጥቁር ጠርሙስ አወጣች። ተቀብዬ እኔ ከፈትኩላት፤ የልብስ ልኬት ከምቆርጥበት ወረቀት ቀድጄ አንድ ጠብታ አሳረፍኩበት። ዓይኗን ጨፍና አሸተተች። ደግማ አሸተተች።

"ሩቅ ነው" አለች። "ግን ሎሚ ነው።"

እኔ አለቀስኩ። ሽማግሌው የያዘውን ድስት ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠና፣ "እንግዲህ እኔ ሌላ ቦታ ልፈልግ" አለ።

ባለቤቴ ወረቀቱን ከአፍንጫዋ ሳታነሳ ክንዴን ነካችኝ።

"ምን ቆመህ ታየኛለህ? ክዳኑን ግጠመው እንጂ።"