የሃያ ሰባት ቁጥር ሱሪ

የቤዝቦል ሕግ እስካሁን አልገባኝም። ማን ተጫውቶ ማን እንዳልተጫወተ ግን ከእኔ የሚደበቅ የለም። ፎርት ዎርዝ ውስጥ አንድ ኮሌጅ የስፖርት ልብስ አጣቢ ነኝ። ቅዳሜና እሁድ ኤርፖርቱ አጠገብ ሆቴል ስለምሠራ ግጥሚያ አይቼ አላውቅም፤ ሰኞ ጠዋት ግን የልጆቹ ሱሪ በቅርጫት ተከምሮ ይጠብቀኛል።

ሱሪ አይዋሽም እል ነበር። ሮጦ መሬት ላይ ተንሸራቶ የገባ ልጅ የሜዳው ቀይ አፈር ከዳሌው እስከ ጉልበቱ በአንድ ጎኑ ይለጠፍበታል፤ የቀበቶ ማስገቢያው ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ሜዳው ጥግ ሆኖ ኳስ ሲያባርር የዋለ ጉልበቱ ላይ ሣር ይዞ ይመጣል። ተጠባባቂ ወንበር ላይ የዋለ ግን ሱሪው እንደወጣ ይመለሳል፤ ኪሱ ብቻ በሱፍ ገለባ ይሞላል። እዚህ አገር ወንበር ላይ ያለ ተጫዋች ሱፍ ሲቆረጥም ነው የሚውለው።

ዘንድሮ አዲስ አሰልጣኝ መጥቷል። የድሮው አሰልጣኝ ልጆች ሲሸነፉም ንጹሕ ነበሩ፤ የዚህኛው ልጆች እርሻ ውለው የመጡ ነው የሚመስሉት። በመጀመሪያው አራት ሳምንት ከአሥራ ሁለት ጨዋታ አምስት አሸንፈው ሰባት ተሸነፉ። ኮሪደሩ ሁሉ ሰውየውን ያማል። እኔ ግን ሰውየው ሥራ ያውቃል ባይ ነበርኩ፤ ወገቤ ይመስክር፣ ቅርጫቱ እንዲህ ከብዶኝ አያውቅም። አንድ ሱሪ ብቻ አልቆሽሽ አለኝ። ሃያ ሰባት ቁጥር።

ሃያ ሰባት ቁጥር ልጄ ዮአብ ነው። አምና ሳይቀየር ነበር የሚጫወተው፤ የሚማረውም በዚሁ ጨዋታ ባገኘው ስኮላርሺፕ ነው። አዲሱ አሰልጣኝ ደግሞ ገና ሲመጣ፣ «አራት ሳምንት አያችሁና በአምስተኛው አርብ አንድ በአንድ እየጠራሁ ማን እንደሚቆይ፣ ማን ሌላ ትምህርት ቤት እንደሚፈልግ እነግራችኋለሁ» ብሏቸዋል። ሦስት ሰኞ አለፈ። ሦስቱንም ሰኞ ሱፍ ሳራግፍ ነበር።

«እንዴት ነበር ጨዋታው?» ስለው በስልክ፣

«ጥሩ ነው ማሚ።»

«ተጫወትክ?»

«ትንሽ።»

ትንሽ! እንደ ወተት የነጣ ሱሪ በእጄ ይዤ ትንሽ ይለኛል።

ባለቤቴ ይገዙ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ መንገድ ላይ ሲያስብ ውሎ የመጣበትን ሐሳብ ስሙልኝ። «ቄሱንና ጋሽ ጫላን ይዤ ኮቹ ጋ ልሂድ» አለ።

«ምን ልትሉት?»

«የጨዋ ልጅ ነው፣ እናውቀዋለን እንለዋለን። ሰው እኮ ነው እታለም፤ ሽማግሌ ፊት ይለሳለሳል።»

እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩበት። ሳቄ ሲያልቅ ግን ጋሽ ጫላ እንግሊዝኛው ይደክማል፣ የሚሻለው ማን ይሆን እያልኩ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

ረቡዕ ዮአብ እራት ሊበላ ኧርቪንግ ቤታችን መጣ። እኔ ደግሞ ነገር በሆዴ አያድርም። «ሱሪህ ለምን አይቆሽሽም?» አልኩት። በዚያው አላበቃሁም። አፈሩ የት የት እንደሚይዝ፣ ሣሩ የት እንደሚሆን፣ ሱፉ ምን እንደሚናገር አንድ ሳላስቀር ዘረዘርኩለት። እንዴት ያለሁ ብልህ እንደሆንኩ ይወቅልኝ ብዬ ነው። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እኔ ግን ያኔ ደስ ብሎኝ ሳህን ማንሳት ጀመርኩ።

በአራተኛው ሰኞ የሃያ ሰባት ቁጥር ሱሪ ሁለቱም ጉልበቱ ቀይ ሆኖ መጣ። እልል አልኩ፤ ብቻዬን፣ በማሽኖቹ መሃል። ይገዙን ኮል አደረግኩት። «ሽማግሌዎቹ ይቅሩ!» አልኩት። ከዚያ ብሩሼን አነሳሁ።

አፈሩ ገና ውሃ ሲነካው ረገፈ። ተንሸራቶ የቆሸሸ ሱሪ ሦስቴ ተፈትጎም አይለቅም፤ ክሩ ውስጥ ነው የሚገባው። የቀበቶ ማስገቢያውን አየሁ፤ ንጹሕ ነው። ኪሱን ገለበጥኩ፤ ሱፍ። ከጉልበቱ ከፍ ብሎ ደግሞ አራት ጣትና አንድ አውራ ጣት ታትሟል።

ቅርጫቱ ላይ ቁጭ አልኩ፣ ብድግ አልኩ፣ እንደገና ቁጭ አልኩ። ስልኩን አንስቼ ስሙ ላይ ስደርስ መልሼ አስቀመጥኩት። ሌላ ልጅ ቢሆን እስቅ ነበር።

አሥራ ሦስተኛው ጨዋታ ማክሰኞ ከሰዓት እዚያው ሜዳችን ላይ ስለነበር ከሥራዬ ቀጥታ ሄድኩ። ነፋሱ አቧራውን ያነሳዋል። እኔ መቀመጥ አቃተኝ፤ እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ሦስት ወንበር ሸሸችኝ። ዮአብ ተጠባባቂዎቹ ጋ ነው። ሮጦ ለሚመለሰው ውሃ የሚያቀብለው እሱ፣ ከሁሉ በላይ የሚጮኸው እሱ። ልጄን ለዚህ ነው ያሳደግኩት? አሰልጣኙ በፊቱ ሦስት ጊዜ አለፈ፤ አንዴም ቀና ብሎ አላየውም። ዘጠኝ ለሁለት አሸነፉ።

ሰው ሁሉ ወጥቶ ሲያልቅ ልጠራው ወደ አጥሩ ወረድኩ። ሜዳው ላይ ብቻውን ቀርቷል። ግራና ቀኙን አየና ተንበረከከ። ቀዩን አፈር በእጁ ዘግኖ ጉልበቱን አሸው፤ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን። ቀጥሎ ዳሌውን፣ በአንድ ጎኑ ብቻ። በመጨረሻ ቆንጥሮ ቀበቶ ማስገቢያው ውስጥ ከተተው፤ በሰኞው ሱሪ ላይ የረሳውን። ያስተማርኩትን ሁሉ አጥንቶታል።

«ዮአብ!»

እጁ አፈር እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

«ማሚ? ወርክ የለሽም?»

«ሥራማ እዚህ እያበዛህልኝ ነው። ያን ማን የሚያጥበው መሰለህ?»

ልቆጣው ነበር፤ የመጣሁበት ቁጣ አፌ ላይ ነበር። እሱ ግን አፈሩን ቀስ ብሎ ጣለና ወደ አጥሩ መጣ።

«ሶ... ማለቴ፣ አንቺ ሃፒ እንድትሆኚ ነው» አለኝ። «ሱሪዬን አይተሽ ሳድ እንዳትሆኚ።»

ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ፤ አለቀስኩ። አጥሩ መሃላችን ነው፤ ጣቶቼን በሽቦው አሾልኬ ጣቱን ያዝኩት።

«ኮቹ አያጫውተኝም ማሚ። ፍራይዴይ ከት ያደርገኛል፤ ከቲሙ ያስወጣኛል። አውቃለሁ።»

«ያድርግህ! ንጹሑን ሱሪ ስጠኝ፤ ለእኔም ድካም ይቀንስልኛል። ግን ሱሪው ከሚነግረኝ አንተ ንገረኝ። መጀመሪያ ለእኔ።»

«ኦኬ» አለ፤ አፍንጫውን በአፈር እጁ ጠርጎ ፊቱን ቀይ አደረገው።

አርብ ጠዋት አንዱን ፎጣ አራት ጊዜ አጣጠፍኩት። አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ማሚ፣ ከት አደረገኝ። አሁን ነው የወጣሁት። ለአባዬ እንዳትነግሪው፤ እኔ ኮል አደርገዋለሁ።»

ድምፁ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልተሰበረም። የእኔ ነው የተሰበረው። «እሺ የእኔ ጌታ» ብዬ ዘጋሁና ሽርጤን ሳልፈታ ወጣሁ። የአሰልጣኙ ቢሮ በዚያው ኮሪደር ነው። በሩ ላይ ደርሼ ላንኳኳ እጄን አነሳሁ። ምን ልለው? የጨዋ ልጅ ነው? ሰውየው ሥራ ያውቃል ስል የከረምኩት እኔው ነኝ። እጄን አወረድኩና ተመለስኩ፤ መንገዱን ሁሉ ግን ስረግመው ነበር።

ሰኞ ቅርጫቱ እንደ ልማዱ ከብዶ መጣ። የሃያ ሰባት ቁጥር ሱሪ ከሥር ነበር፤ የማክሰኞውን ያኔውኑ አጥቤዋለሁ፣ ይህ ሐሙስ ወንበር ላይ የዋለበት ነው፤ ነጭ፣ ኪሱ በሱፍ የተሞላ። ገለባውን አራገፍኩለት። ብሩሽ አያስፈልገውም፤ ቀጥታ ማሽን ውስጥ የሚገባ ነው። እኔ ግን ለብቻው ገንዳ ውስጥ ነክሬ ሁለቱንም ጉልበቱን በእጄ አሸሁት።