እሾህ የሌለው ጉድጓድ

ዝናብ ካልጣለ በቀር የሐርጌሳ ወንዝ አሸዋ ነው። የአንድ የእርዳታ ድርጅት እንግሊዛዊ አለቃ ግን ወንዝ ምንጊዜም ወንዝ ነው ባይ ነበር፤ በከተማው ያሉ የውርወራ ወዳጆች ሁሉ ዓርብ ጠዋት ወንዙ ዳር እንዲሰበሰቡ ወረቀት በተነ። ውርወራ የሚሉት በረጅምና ተጣጣፊ ዘንግ ገመድ ወደ ኋላና ወደ ፊት እያወናጨፉ፣ ጫፉ ላይ የታሰረችውን ሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣው ሳይበረግግ ውሃ ላይ ማሳረፍ ነው። እዚህ ዓሣም ውሃም ስለሌለ በዝንቧ ፈንታ ቀይ የሱፍ ክር ታሰረ፤ አሸዋው ላይም አሮጌ የብስክሌት ጎማዎች ለዒላማ ተዘረጉ።

ሜዳውን ያሰናዳው የድርጅቱ ሠራተኛ መሀድ ነው። በአስር ዓመቱ ከቦምብ ሸሽቶ ድሬዳዋ ያደገ፣ በነፃ ትምህርት ዕድል ስኮትላንድ የከረመ፣ ከተማዋ ፍርስራሿን መጥረግ ስትጀምር "ሄጄ ላግዝ" ብሎ የተመለሰ ወጣት ነው። ከመጣ ሁለት ዓመት ሆነው፤ መምጣቱ ልክ ይሁን ስህተት ግን ዛሬም አልቆረጠለትም። ውርወራውን የተማረው ስኮትላንድ ነው። አለቃው ይህን የሰማ ዕለት ከሠራተኛው ሁሉ ለይቶ አቀረበው፤ የዓመት ኮንትራቱም በዚያው ወር ሊታደስ ነበር።

"የአካባቢውን ሰው ጠይቅ፤ የፈቃድ ቅጹን አስፈርም" ብሎት ነበር አለቃው። መሀድ ማንን እንደሚጠይቅ አላወቀም። አሸዋ ደግሞ ምን ባለቤት አለው ብሎ አንድ ስም ፈጠረና ራሱ ፈረመበት። ሐሙስ ከሰዓት በኋላም ወርዶ፣ ገመድ ይይዛል ያለውን የእሾህ ቅርንጫፍ ሁሉ እየጎተተ ገደሉ ሥር ጣለ።

ዓርብ ጠዋት ሁለተኛው ዙር ሊጀመር ሲል ፈትሂያ እየሮጠች መጣች። ፈትሂያ ከከሚሴ መጥታ አያሃ በሚሉት ሰፈር የምትኖር፣ የጋአን ሊባህ ሰፈር ሰዎችን ምንጣፍ እያጠበች የምታድር ሴት ናት። መሀድ አማርኛ ሲናፍቀው የሚሄደው እሷ ዘንድ ነበር።

"መሀዶ! ትናንት እዚህ ስትሠራ ነበር አሉ። እሾሄን ያነሳውን አላየህም?"

"የቱን እሾህ?"

"የጉድጓዴን ነዋ! አረንጓዴ ጨርቅ ያሰርኩበትን።"

መሀድ ጨርቁን አስታወሰው። ንፋስ ያመጣው ቡትቶ መስሎት ነበር። "እኔ ነኝ ያነሳሁት" አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ፈትሂያ ራሷን ያዘች። "ሱብሃነላህ! እዚህ አሸዋ ላይ ውሃ የቆፈረች ሴት ማታ ስትሄድ አፉን በእሾህ ትዘጋለች። እሾሁን ካነሳች ትታዋለች ማለት ነው። ጎህ ሲቀድ አንዷ ውሃ ሻጭ፣ አስሊ፣ ባዶውን አገኘችውና የራሷን እሾህ ጣለችበት። እሷንም አልፈርድባት። እኔ እዚህ ጎሳ የለኝ፣ ወገን የለኝ፤ ወረቀቴም ምስክሬም ያ እሾህ ነበር!"

"አሁን ምን ይሻላል?"

"ኤዶ ዳሀቦ ፈርዳልኛለች።" ኤዶ፣ ማለትም አክስት፣ የሚሏት ዳሀቦ የጉድጓዶቹ ሴቶች ዳኛ ናት። "ሌላ ሰው አንስቶት ከሆነ ራሱ መጥቶ በአፉ ይማልልሽ፤ ጉድጓድሽ ይመለስልሻል አለች። ግን አስሊ የመጀመሪያውን ጄሪካን ሳትሸጥ ነው። አሁን የተናደውን አሸዋ እየጠረገች ናት። ና፣ አርባ እርምጃ አይሆንም!"

መሀድ ወደ አለቃው አየ። ሰውዬው ሶማሊኛ ይሰማል። እዚያ ሄዶ ቢምል ማን እንደፈቀደ ይጠየቃል፤ ቅጹ ይመዘዛል።

"ይህ ዙር ይለቅና እመጣለሁ። አስር ደቂቃ፣ ወላሂ።"

"ወላሂህን ለኤዶ ዳሀቦ አስቀምጣት፣ እዚህ አታባክናት!"

ተራው ደርሶ ተጠራ። ዘንጉን አነሳ። ገመዱ ከኋላው ተዘረጋ፣ በራሱ ላይ አልፎ ሄደ፣ ቀይዋ ክር ሩቁ ጎማ መሐል ላባ እንደምትወድቅ ወደቀች። ፈረንጆቹ አጨበጨቡ። ከወዲያ ማዶ የጉድጓዶቹ ሴቶች "ዓሣው ሲመጣ ለእኛም ላኩልን!" እያሉ ይስቃሉ። መሀድ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ከተማ እጁ ያመነበትን ነገር ሲሠራ ይህ የመጀመሪያው ነበር። አንዱ ዙር ሌላ ወለደ፤ ሌላው የመጨረሻውን። ፈትሂያ ጥቂት ቆማ አየችውና ዞራ ሄደች። አንደኛ ወጣ።

ጉድጓዶቹ ዘንድ ሲደርስ አንድ የአህያ ጋሪ የአስሊን ጄሪካን ጭኖ ዳገቱን እየወጣ ነበር። መሀድ ግን ከሴቶቹ ፊት ቆሞ ማለ፤ እሾሁን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ አላወቅኩም ነበር አለ።

"አምኜሃለሁ" አለች ኤዶ ዳሀቦ። "ስትጠራህ ለምን አልመጣህም?"

"ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ኤዶ።"

"አይተንሃል። ስንት ያዝክ ታዲያ?"

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። አሮጊቷ ብቻ አልሳቀችም። "ቃልህ እውነት ነው፣ ልጄ። ውሃው ግን ተሽጧል። ለአንተ ብዬ ያፈረስኩትን ደንብ ነገ ለማን አቆመዋለሁ?"

አስሊ አንገቷን እንደደፋች "አምስት ልጅ አለኝ" አለች። "እሾሁን እኔ አላነሳሁትም።"

ፈትሂያ አካፋዋን ይዛ ወደ ላይኛው መታጠፊያ ሄደች። እዚያ ውሃው የሚገኘው ብዙ ተቆፍሮ ነው፤ ሲገኝም ጨዋማ ስለሆነ የሳሙና አረፋ አያስነሳም። መሀድ ተከተላት።

"ቢሮ የጽዳት ሥራ አለ። ለአለቃው እነግርልሻለሁ።"

"ምን ብለህ? ጉድጓዷን አስወስጄባት ነው ብለህ?"

መሀድ ቁልቁል ወደ አለቃው አየ።

"አየህ።"

መቆፈር ጀመረች። እስከ ጉልበቷ ወርዳም አሸዋው ደረቅ ነበር። መሀድ ጎንበስ ብሎ አካፋውን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ።

"ተው! አንተ የቆፈርክበት እንደሆነ ደግሞ የማን ነው ሊባል ነው?"

ከታች አለቃው እጁን እያውለበለበ ተጣራ፤ ፎቶ ሊነሱ ነው።

"ሂድ፣ እየጠሩህ ነው" አለችው፣ ቀና ሳትል።

ሄደ። ፎቶው ቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። መሀድ ከአለቃው በስተቀኝ ዘንጉን ይዞ ቆሟል፤ ፈገግ እንዲል ነግረውት ፈገግ ብሏል።