ሁለት ካልሲና የጣሪያው ቁልፍ

ማዳሜ ሰው አታምንም። ስኳሩን ትለካለች፣ ዘይቱን ትለካለች፣ እኔንም ከእግሬ እስከ ራሴ ትለካኛለች። ኅዳር ላይ መንገዱ በሰልፈኛ ተዘግቶ የጋዝ መኪና እኛ ሰፈር ሀደት ድረስ መምጣት ሲያቅተው ደግሞ ባሰባት። የመዋኛ ገንዳው ማሞቂያ ጋዙን ይጨርሳል፣ ውሃው ግን አይሞቅም። መዋኘቱን ለወገቧ ሐኪም ነው ያዘዘላት።

ቧንቧ ሠራተኛው ቶኒ ተጠራ። ፀሐይ ስትኖር ውሃው ጣሪያ ላይ ባለው የፀሐይ ማሞቂያ ዞሮ ይመለሳል፤ ሲደምን የጣሪያው መንገድ ተዘግቶ በጋዝ ብቻ ይሞቃል። ቶኒ ጣሪያው ላይ ያለውን መዝጊያ አየና አሁን ዝግ ነው፣ ያኒ፣ ማለቴ፣ አንድ ሰው እየከፈተ እየዘጋ እየነካካው ነው አላት። ሁለቱም ዞረው እኔን አዩኝ። ደሜ ፈላ። እሱንም ጠረጠርኩት፤ ሲያወራ ዓይን ለዓይን ግን አላየኝም።

ማዳሜ፣ ነገ ቶኒ ተመልሶ ሲያየው ችግሩ ካልተገኘ የጣሪያውን ቁልፍ እወስዳለሁ አለች። ቁልፉ ማለት ለእኔ ቀፀላ ናት። የጎንደር ልጅ ናት፣ አጠገባችን ባለው ፎቅ ትሠራለች፤ ልብስ ሳሰጣ ከጣሪያ ጣሪያ እናወራለን። አማርኛ የምሰማው ከእሷ ብቻ ነው። ያቺን ሰዓት ከወሰዱብኝ አብዳለሁ፣ አልዋሽም።

የእኔ ልብስ ከእነሱ ጋር ማሽን አይገባም፤ በእጄ አጥቤ ጣሪያ ላይ ነው የማሰጣው። በማግስቱ ጠዋት ቧንቧዎቹ ላይ ያሰጣኋቸውን ካልሲዎች ላነሳ ወጣሁ። ፀሐይ ሦስት ቀን አልታየችም። ወደ ላይ በሚመጣው ቧንቧ ላይ የነበረው ካልሲ ደርቋል፣ በሚወርደው ላይ የነበረው እንደረጠበ ነው። ቧንቧዎቹን ዳሰስኳቸው። የሚመጣው ለብ ይላል፣ የሚወርደው በረዶ ነው። ወይ ጉድ! ጋዙ ታች ያሞቀውን ጣሪያው ያቀዘቅዘዋል፤ ዝግ የተባለው ክፍት ነው። ቀፀላ ከማዶ ምን ሆንሽ ስትለኝ መጣሁ ብዬ ሮጥኩ።

ቶኒ ሲመጣ ካልሲዎቹን ይዤ ጠበቅኩት። የመዝጊያውን እጀታ በሐምሌ የቀየረው ራሱ ነው፣ ለካ ገልብጦ ገጥሞታል። እያጉረመረመ ነቅሎ አስተካከለው። በማግስቱ ማዳሜ ዋኘች።

ዛሬስ ይቅርታ ትለኛለች ብዬ ፎጣ ይዤ ቆምኩ፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ፎጣውን ተቀብላ ሜርሲ ብላ አመሰገነችኝና ትክ ብላ አየችኝ።

«ቶኒ ያላወቀውን አንቺ በምን አወቅሽ?»

በካልሲ አልኳት።

«ቧንቧ እንዲህ የምታውቅ ልትነካካውም ትችላለች» አለችና እጇን ዘረጋች። «ቁልፉን፣ ኸላስ፣ በቃ።»

ሰጠኋት። አሁን ልብሴን ኩሽና መስኮት ላይ ነው የማሰጣው። አሥር ሰዓት ሲሆን ቀፀላ ከጣሪያዋ በስሜ «ፋሲካ፣ ፋሲካ» እያለች ትጣራለች። ይሰማኛል። እንዳልመልስላት ማዳሜ «ከማን ጋር ነው የምትማከሪው?» ትላለች።