አንድ ዴስክ ላይ

መምሬ ገብረመንፈስቅዱስ እንደሚሉት ከሆነ፣ ያን ቅዳሜ ወለተሐና በእንግሊዝኛ ከነገረቻቸው አንድም ቃል አልገባቸውም። ወለተሐና እንደምትለው ደግሞ መምሬ አንድም ቃል አላመለጣቸውም፤ እንዲያውም እየሰሙ ዐይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። መምህራቸው ኪዳነወልድ ሁለቱንም ስለሚያከብር አንዳቸውን ውሸታም ለማለት አልደፈረም። እሱ የሚያውቀው በሚቀጥለው ቅዳሜ የወለተሐና መቀመጫ ባዶ መሆኑን ነው።

አንኮበር ላይ የጎልማሶች እንግሊዝኛ የሚሰጠው ቅዳሜ ከገበያ በኋላ፣ ከትምህርት ቤቱ በተዋሱት ክፍል ነው። ኪዳነወልድ ደብረ ብርሃን ተወልዶ እዚያው ኮሌጅ የተማረ ወጣት ነው። መጀመሪያ ሰሞን ጥያቄ ሲያነሳ ክፍሉ በሙሉ አንገቱን ይደፋበት ነበር። ትልቅ ሰው በሰው ፊት መሳሳት ይከብደዋል። ስለዚህ አንድ ዘዴ አመጣ፦ ሁለት ሁለት ሆነው በእንግሊዝኛ ይጨዋወታሉ፤ ከዚያ አንዱ ተነስቶ ጓደኛው ያለውን ለክፍሉ ያወራል። ስለ ራስ ከማውራት ስለ ጎረቤት ማውራት ይቀላልና ዘዴው ሠራ። ከአልዩ አምባ በርበሬ ይዛ ለገበያ የምትወጣው ሲቲ፣ «ወላሂ፣ የሰው ወሬማ በየትኛውም ቋንቋ ይጣፍጣል!» ብላ ሁሉንም አስቃለች።

ያን ቅዳሜ ያነሳው ጥያቄ፣ ከልጅነታችሁ ጀምሮ ስትመኙ የኖራችሁት ምንድን ነው የሚል ነበር። መምሬንና ወለተሐናን አንድ ዴስክ ላይ አስቀመጣቸው። ከሁሉም የሚተጉት እነሱ ነበሩ። ተራቸው ሲደርስ መምሬ ተነሱ፤ ጥምጣማቸውን አስተካከሉ። ከዚያ፣ «አልገባኝም» ብለው ተቀመጡ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ወለተሐና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

ባዶው መቀመጫ ከኪዳነወልድ ዐይን አልጠፋ አለ። ሳምንቱ ሳይጋመስ ወደ ቤቷ ወረደ። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ሱፍ ስትፈትል አገኛት። ከግቢዋ ጫፍ ገደሉ ይጀምራል፤ ከገደሉ ማዶ ቆላው በጉም ተሸፍኗል።

«እትዬ ወለተሐና፣ ቀረሽብን እኮ።»

«ምን ልሁን ብዬ ልምጣ፣ መምህር? እንግሊዝኛዬ ሰው አሳፈረ።»

«ማንን?»

«አባን ነዋ! ገብቷቸዋል። ገብቷቸው ነው አልገባኝም ያሉት። በሰው ፊት ሊደግሙት አፈሩበት።»

«ምን ነበር ያልሻቸው?»

እንዝርቷን አስቀመጠች። ልጅ ሆና፣ ወፍ ለማየት የመጣች አንዲት ፈረንጅ ትምህርት ቤታቸውን ጎብኝታ ነበር። አበባ እንድትሰጥ የተመረጠችው ወለተሐና ናት። ሴትዮዋ ተንበርክካ እጇን ያዘችና ስሟን ጠየቀቻት። እሱን ተምረው ስለነበር መለሰች። ከዚያ ሴትዮዋ ሌላ ነገር ጠየቀቻት፤ ረጅም ጥያቄ። ጠይቃም ዐይን ዐይኗን እያየች ጠበቀች።

«‹የስ› አልኳት» አለች ወለተሐና። «የማውቀው እሱን ነበራ። አቅፋ ሳመችኝ፤ አለቀሰች፤ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሄደች። ይኸው እስከ ዛሬ ምኑን እሺ እንዳልኳት አላውቅም።»

«ምናልባት ትምህርት ትወጃለሽ ወይ ብላሽ ይሆናል።»

«ትምህርት ትወጃለሽ ብሎ የሚያለቅስ ሰው አይተሃል?»

ኪዳነወልድ ሳቀ። እሷም ፈገግ አለች፤ ፈገግታዋ ግን አልቆየም። ወደ ቆላው ዞረች።

«እሷን እንደማላገኛት አውቃለሁ። ግን በዕድሜ የገፋች ፈረንጅ በመኪና ስታልፍ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይቆማል። አንዷ ጠጋ ብላ ብትጠይቀኝ፣ ያን ጊዜስ ሰምቼ ብመልስ ነው ምኞቴ። ይህን ነው ለአባ የነገርኳቸው። ያውም በእንግሊዝኛ፣ ያውም ሳልንተባተብ።»

ኪዳነወልድ ከዚያ ተነስቶ መምሬን ፍለጋ ሄደ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ፣ ዛፍ ሥር አገኛቸው። መስቀል ተሳልሞ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«አባ፣ ወለተሐና ገብቷቸዋል ትላለች።»

መምሬ ዙሪያቸውን ቃኙ። «ገብቶኛል» አሉ ቀስ ብለው።

«ታዲያ ለምን?»

«የንስሐ ልጄ ናት። አታውቅም እንዴ?»

አያውቅም ነበር። በአንኮበር ማን የማን የንስሐ ልጅ እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ሁለቱን አንድ ዴስክ ላይ ሲያስቀምጥ ያልነገሩትም፣ እንደማያውቅ ስላልገመቱ ነው።

«ከልጅነቷ ጀምሮ የልቧን የምትነግረው ለእኔ ነው» አሉ መምሬ። «የሰማሁትን ይዤ ልሞት የተሾምኩ ሰው ነኝ። አንተ ደግሞ ተነሥተው ለሰው ያውሩ አልከኝ። ጆሮዬ ይህ በአማርኛ ነው፣ ይህ በእንግሊዝኛ ነው ብሎ አይለይም፣ ልጄ።»

«አልገባኝም ከሚሉ፣ አልናገርም ቢሉስ?»

«አልናገርም ብል፣ ምን ኃጢአት ነገረቻቸው ብሎ ሰው ይጠረጥራታል። የዋሸሁትን ለራሴ የንስሐ አባት እናዘዘዋለሁ፤ እሱ የእኔ ዕዳ ነው።»

«ልንገራት?»

«ንገራት እንጂ! አንተ የማንም ንስሐ አባት አይደለህ።»

ወለተሐና ይህን ስትሰማ፣ «ተሰምቼ ነበር ማለት ነው» ብቻ አለች።

ቅዳሜ መጣች። ኪዳነወልድ መምሬን ከሲቲ ጋር አስቀመጠ፤ እሷም፣ «የእኔን እንደ ልብዎ ያውሩት፣ አባ፤ ገበያው ሁሉ ያውቀዋል» አለቻቸው። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የጓደኛን ቃል ማውራትም ቀረ። ያን ዕለት ያስተማረው ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ አልሰማሁም፣ እባክዎ ይድገሙልኝ። እየተዟዟሩ እርስ በርስ ሲባባሉት ዋሉ። አፋቸው ላይ ሲለመድ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ትምህርቱ ወፍ ተመልካቾች የሚያርፉበት ሎጅ ውስጥ እንደሚሆን ነገራቸው።

በተባለው ቅዳሜ፣ ሎጁ በረንዳ ላይ ፀጉሯ የነጣ አንዲት እንግዳ መነጽሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ቆላውን ትመለከታለች። ተማሪዎቹ አንዱ ከአንዱ ኋላ ተሸሸገ። እዚህ አገር በሰው ፊት ንግግር የሚከፍተው ካህን ነውና፣ ሁሉም ወደ መምሬ ዞረ።

«በሉ አባ፣ ይክፈቱልን» አለች ሲቲ።

መምሬ መስቀላቸውን ይዘው አንድ እርምጃ ተራመዱ። እንግዳዋ የኮቴ ድምፅ ሰምታ ዞረች። ኪዳነወልድ ወለተሐናን አየ፤ ከንፈሯ ድምፅ ሳያወጣ ይንቀሳቀሳል። ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች፤ ሰውን እያለፈች መጥታ መምሬ ፊት ቆመች።

«አባ፣ ይፍቱኝ» አለች ሁሉም እንዲሰማ። «ዛሬ የምቀድመው እኔ ነኝ። ጥያቄዋ ያልገባኝ እንደሆነም ‹የስ› አልላትም፤ እስኪገባኝ አስደግማታለሁ።»