የመቻል ጾም

“ደም ነው! ውባንቺ፣ ደም አስመለሰው!”

ውባንቺ የምታጥበውን ሰሃን እንደያዘች ሮጣ ሳሎን ገባች። አሠሪዋ ማዳም አኒካ በሌሊት ልብሷ ቆማ በሁለት እጇ አፏን ይዛለች። ውሻው ሲምባ ጥፋቱን የሚያውቅ ይመስል ሶፋው ጥግ አንገቱን ደፍቶ መዳፉን ይልሳል። ነጩ ምንጣፍ ላይ ቀይ ነገር ተዘርግቷል።

ውባንቺ ተንበርክካ በጨርቅ ልታነሳው ስትል ሽታው አፍንጫዋን መታው። ደም አይደለም፤ በርበሬ ነው። እሷው ትናንት የሠራችው የሥጋ ወጥ፣ ከነእንጀራው።

“አትጥረጊው!” አለች ማዳም። “ሐኪሙ ማየት አለበት። የማርማላታ ጠርሙስ አምጪና ጥቂቱን ጨምሪበት። ቢሮ ደርሼ እመለሳለሁ፤ ከሰዓት በኋላ እንወስደዋለን።”

ሰው ጥፋቱን ይደብቃል እንጂ በጠርሙስ አሽጎ ለዳኛ አያስረክብም። ውባንቺ ግን ይኸው ደረሰባት። ክዳኑን አጥብቃ ዘጋችና ጠርሙሱን ማቀዝቀዣው ላይ አስቀመጠችው። ማዳም መኪናዋን አስነስታ ወደ ናይሮቢው ጊጊሪ ሰፈር፣ ወደ መሥሪያ ቤቷ ሄደች።

የሲምባ ማከክ ከጀመረ ዓመት አልፎታል። ቀን የለ፣ ሌሊት የለ። አንገቱ ላይ የታሰረችው ቆርቆሮ ባከከ ቁጥር ትንቃጨላለች፤ ውባንቺ ድምጿን ስትሰማ የእሷም ገላ ይበላት ጀምሯል። የውሻው ሆድ ፀጉሩ አልቆ ቀልቷል፣ ከመላስ ብዛት መዳፉ ዝገት መስሏል፣ ጆሮው ይሸታል። ሐኪሙ መጀመሪያ ቁንጫ ጠረጠረ። ፀጉሩን በቀጭን ማበጠሪያ አበጥሮ እርጥብ ወረቀት ላይ አራግፎ አየ፤ የለም። እከክ እንዳይሆን ብሎ ቆዳውን ፍቆ በማይክሮስኮፕ አየ፤ እሱም የለም። የመድኃኒት ሻምፖ ታዘዘ፤ ውባንቺ አረፋውን ገላው ላይ አቆይታ ታጥበዋለች። መርፌ ተወጋ፤ መርፌው ማከኩን ሲያስታግስለት ውኃ ጥማቱን አመጣበትና ቤቱን በሽንት አጥለቀለቀው። በመጨረሻ ሐኪሙ ጥያቄውን ለወጠ።

አብረዋት የሚኖሩት የውባንቺ አባት አቶ ታመነ ውሻው ሲያክ ባዩት ቁጥር “ምን በላው?” ይሉ ነበር። ሐኪሙ ደግሞ “ምን በላ?” አለ። በእኛ አፍ በሁለቱ መካከል ያለችው አንዲት ፊደል ናት። ሐኪሙ አማርኛ አያውቅም እንጂ ያለው ይህንኑ ነው፤ የበላው ነው የበላው።

ትእዛዙ ጥብቅ ነበር። ስምንት ሳምንት ሙሉ ሲምባ ቀምሶት ከማያውቀው አንድ ዓይነት ሥጋና ከድንች በቀር ምንም እንዳይቀምስ፤ ፍርፋሪም ቢሆን። በሬውንም፣ በጉንም፣ ፍየሉንም፣ ዶሮውንም ሲበላው የኖረ የፈረንጅ ቤት ውሻ ነው። ያልቀመሰው ግመል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ግመሉን ከኢስሊ ገበያ የሚያመጣው ነጋዴው ኑሬ ነው፤ አቶ ታመነንም ከሞያሌ በጭነት መኪናው አሳፍሮ ናይሮቢ ያደረሳቸው እሱ ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውሻው ተሻለው። ቆርቆሮዋ ዝም አለች፣ ሆዱም ፀጉር ማብቀል ጀመረ። ከዚያ ሳይታሰብ እንደገና ማከክ። ማዳም ተስፋ ቆረጠች፤ “ይህም ካልረዳው መርፌውን ዕድሜውን ሙሉ ነው የሚወጋው” አለች። ምክንያቱ ምን እንደሆነ የቤቱ ሰው ሁሉ ሲጨነቅ ከረመ። ዛሬ ጠዋት ግን ውባንቺ ምክንያቱን በአፍንጫዋ አወቀችው። ከበርበሬው ጀርባ ያለው ሰው ደግሞ ጓሮ፣ ሰርቪስ ቤት በር ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል።

አቶ ታመነ ቤታቸውን ዘግተው የወጡት የመጨረሻ ልጃቸው ይገዙ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ከሰሜን ሳይመለስ ከቀረ፣ ባለቤታቸውም ካረፉ በኋላ ነበር። “ለሁለት ሳምንት ብቻ” ብላ ነበር ውባንቺ ለማዳም ያስፈቀደችላቸው። ሰርቪስ ቤቱ ለአንድ ሠራተኛ የተሰጠ ነው። ሁለቱ ሳምንት አልፎ ክረምቱም አልፏል፤ ማዳም አልጠየቀች፣ ውባንቺም አላስታወሰቻት። ከዚህ ቤት ከወጡ አባቷን የምታስገባበት እንደሌላት አሳምራ ታውቃለች።

“አባባ፣ ትናንት ለውሻው ምን ሰጡት?”

“ለመቻል?” አሉ። ሲምባ የሚለው ስም አይጥማቸውም፤ በመጡ ማግስት ራሳቸው ስም አውጥተውለታል። ውሻው እግራቸው ሥር ተጋድሟል። “ከራሴው ነው። ሁለት ጉርሻ። ምነው?”

“ሐኪም ከልክሎታል አላልኩዎትም?”

“ሐኪም የማይከለክለው ነገር አለ? እኔንም ጨው ከልክሎኝ ነበር፤ ይኸው አለሁ።”

“ስንት ጊዜ ሆነዎት?”

“እኔ እንጃ። ቆጥሮ የሚያጎርስ ሰው አይተሻል?”

ውባንቺ እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ደረቅ ነበር፣ ግን ደግማ ጠረገችው። “ምንጣፏ ላይ አስመለሰው። ደም መስሏት በጠርሙስ አስያዘችኝ። ሐኪሙ አንዴ ካሸተተው አለቀልን! ‘አባትሽ እስካሁን እዚህ ምን ይሠራል?’ ብትለኝ ምን እላታለሁ? የት ይገባሉ? የስደተኛ ካምፕ?”

“የግመል ሥጋ ሲያበሉት እያየሁ አንጀቴ አልችል አለኝ። በክርስቲያን ቤት?”

“ውሻ ነው እኮ አባባ! ውሻ ምን ሃይማኖት አለው?”

“ዓይን አለው” አሉ አቶ ታመነ። “ፊቴ ቁጭ ብሎ ያየኛል። ዓይን እያየኝ እንዴት ብሎ ይወርድልኛል? አንቺ እንደሆንሽ ሰሃኑን ታስቀምጪና ደወል ጮኸ ብለሽ ትሮጫለሽ። እዚያ ቆመሽ ትጎርሻለሽ፣ እኔ እዚህ። ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል ሲባል አልሰማሽም?”

ደወሉ ከሳሎን በሽቦ ተስቦ የሰርቪስ ቤቱ በር ላይ ተሰቅሏል። ሁለቱም ቀና ብለው አዩት።

“የምሮጠው ለማን ሆነና ነው?” አለች ውባንቺ ድምጿ ከፍ ብሎ። “ለእርስዎ አይደል!”

ከአፏ ሲወጣ ጸጸታት። አቶ ታመነ የውሻውን ጆሮ ሲደባብሱ ቆዩና ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። “እሱስ እውነትሽን ነው” አሉ። “ኑሬ ዛሬ ይመጣ የለ? አብሬው ልሂድላት። መኪናው ሲመለስ ደግሞ ሞያሌ ያደርሰኛል።” ገብተው ጋቢያቸውን ማጠፍ ጀመሩ።

ውባንቺ ወደ ኩሽና ተመለሰች። ድንች ቀቀለች፣ የተላጠውን ደግማ ላጠች፣ ያልቆሸሸ ምድጃ ፈተገች። ማዳም ብትመጣ የምትላትን ታሰላስላለች። ቆሻሻ መጣያውን ገልብጦ በላ ብትላትስ? ውሻ ነው፣ ይገለብጣል። ውሸቱ ጥሩ ነበር፤ አባቷን ያተርፋል። ታዲያ ውሻውስ? እሱን ማሰብ አልፈለገችም።

ኑሬ በጋዜጣ የተጠቀለለውን ሥጋ ይዞ በጓሮ በር ገባ። “ሃባሪ ያኮ፣ ደህና ነሽ ውቤ! ውሻው ደንበኛዬ እንዴት ነው?”

ነገረችው። ኑሬ መጀመሪያ ሳቀ፤ አቶ ታመነ ጋቢያቸውን እያጠፉ መሆኑን ሲሰማ ግን ሳቁን ዋጠ። “ለእሳቸው ቦታ አይጠፋም፣ አባታችን ናቸው። ግን እኔ ራሴ የምተኛው ከረጢት ላይ ነው። ሞያሌም ቢደርሱ ከዚያ ወዲያ ማን አላቸው?” ሥጋውን አቀበላት። “ወላሂ፣ የሚገርመው ይሄ ውሻ ነው። ከእኔ ረመዳን ይብሳል። እኔ እንኳ ማታ ማታ አፈጥራለሁ።”

ውባንቺ ሥጋውን እንደያዘች ቀረች። ለአባቷ ሐኪም ብላለች፣ ማዳም ብላለች፣ ክልክል ነው ብላለች። አንዲቷን ቃል ግን አላለችም።

ሰርቪስ ቤቱ በር ላይ ቆመች። “አባባ፣ መቻል ጾም ይዞ ነበር እኮ።”

የአቶ ታመነ እጅ ጋቢው ላይ ቆመ። “ምን አልሽ?”

“ጾም ላይ ነው። ግመሉና ድንቹ የጾም ምግቡ ነው። እስኪድን፣ ስምንት ሳምንት።”

ሽማግሌው አልጋው ላይ ቁጭ አሉ። “ታዲያ… አስገደፍኩት በይኛ!”

“አስገደፉት።”

“ጾመኛ አስገደፍኩ!” ግንባራቸውን ያዙ። “ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ? ‘ሐኪም፣ ሐኪም’ ከምትይኝ ጾም ነው ብትይኝ ምን ነበረበት? ስምንት ሳምንት ማለት እኮ ሁዳዴ ነው!” ወዲያው ተነስተው ኮታቸውን ከምስማሩ አወረዱ። “እኔም ሐኪሙ ዘንድ እሄዳለሁ። እኔ ባጠፋሁት ሌላ ሰው አይጠየቅም።”

“አይሆንም! ይተዉልኝ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ!”

አቶ ታመነ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ።

ማዳም ከቢሮ ስትመለስ ሽማግሌውን መኪናው ኋላ ወንበር ላይ፣ የውሻውን ራስ ታፋቸው ላይ አሳርፈው አገኘቻቸው። “ከእሳቸው ጋር ጸጥ ይላል” አለች ውባንቺ። እውነት ነው፣ ግን ከእውነቱ ሩቡ ነው። የሐኪሙ ክሊኒክ ወዳለበት ኪሊማኒ ሲሄዱ የሕዝብ ታክሲዎቹ ማታቱዎች መንገዱን ዘግተው ነበርና መኪናው ቆም ባለ ቁጥር ቆርቆሮዋ ትንቃጨላለች። ውባንቺ ጠርሙሱን ጉልበቷ ላይ ይዛ የቆሻሻ መጣያውን ታሪክ በልቧ ትደጋግማለች።

ሐኪሙ ረጅም፣ ዝግ ያለ ሰው ነው። ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አንስቶ አየው፣ ከፈተው፣ አሸተተው፤ አስነጠሰው። “ደም አይደለም” አለ። “በቤታችሁ በርበሬ የሚበላ ማን ነው?”

ማዳም ቀስ ብላ ወደ ውባንቺ ዞረች። ውሸቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። አቶ ታመነ ግን ቀደሟት። የሐኪሙን እንግሊዝኛ ባይሰሙም የማዳምን ፊት አንብበዋል።

“ንገሪያት” አሉ። “ያበላሁት እኔ ነኝ። ጾም መሆኑን አላወቅኩም። እሷንም ውሻውንም ይቅርታ ጠይቂልኝ።”

“ምን አሉ?” አለች ማዳም።

ሁለቱንም ቋንቋ የምታውቅ ውባንቺ ብቻ ናት። ሽማግሌው ለውሻው አዘኑ ብትል ማንም አይደርስባትም። አባቷን አየቻቸው፤ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ፍርዱን ለመቀበል ቀጥ ብለው ቆመዋል። አፈረች።

“አባቴ ናቸው ያበሉት” አለች በእንግሊዝኛ። “ይቅርታ ይጠይቃሉ። እሳቸው ብቻቸውን መብላት አይችሉም፤ ነውር ነው። እኔ አብሬያቸው ስለማልበላ ከውሻው ጋር በሉ።” የመጨረሻውን እሳቸው አላሉትም። ከየት እንደመጣ ራሷም አላወቀችም።

“ለሁለት ሳምንት ነው ብለሽኝ ነበር።”

“አዎ። ዋሽቻለሁ።”

ሐኪሙ የውሻውን ጆሮ ገልጦ አየ። “ሥጋው የበሬ ነበር?” አለ። ውባንቺ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። “እንግዲያው መጥፎ ዜና አይደለም። ግመሉን ብቻ ሲበላ ተሽሎት ነበር፤ የበሬው ሥጋ ሲመለስ ማከኩም ተመለሰ። መርፌውን እንተወው። ከመጀመሪያው እንጀምር።”

ማዳም የሲምባን የቀላ ሆድ አየች፣ ከዚያ ሽማግሌውን። ፊቷ አልተፈታም። “ስምንት ሳምንት” አለች። “ከዚያ በፊት አንዲት ፍርፋሪ ከቀመሰ ሁለታችሁም ሌላ ቤት ፈልጉ። ንገሪያቸው።”

ነገረቻቸው።

“ለጾመኛ ስምንት ሳምንት ምን አላት በያት!” አሉ አቶ ታመነ።

“እሺ ብለዋል” አለች ውባንቺ።

እሑድ ደረሰ። ውባንቺ የማዳምን ምሳ አቀረበች፤ ከዚያ የራሷን ድርሻ ኩሽና ውስጥ ከማስቀረት ይልቅ ከአባቷ ድርሻ ጋር አንድ ትሪ ላይ አደረገችው። ሁለት እጇ በትሪው ተይዞ በጓሮ ስታልፍ ጆሮዋ ግን ከኋላዋ ሳሎን ነበር።

አቶ ታመነ የመቻልን ሳህን አስቀድመው በሩ አጠገብ አድርገውለታል፤ የተቀቀለ ግመልና ድንች። ውሻው በላና መጥቶ ፊታቸው ቁጭ አለ። አያቸው።

“አይሆንም፣ ወንድሜ” አሉት። “ጾም ነው።”

እጃቸው ግን ለምዷል። ከትሪው ቆርሰው፣ ወጡን አጥቅሰው፣ አሳምረው ጠቀለሉ፤ ጉርሻው ወደ ውሻው መንገድ ጀምሮ አየር ላይ ቆመ። ከዚያ ዞረና ውባንቺ አፍ ዘንድ ደረሰ። በእጃቸው ካጎረሷት ስንት ዘመን ሆኗት! ልጅ ሆነች። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ በርበሬው ነው ብላ ልትምል ትችላለች።

ጎርሳ ሳትውጥ ደወሉ ጮኸ። ውባንቺ እንደ ለመደችው ብድግ አለች።

“አንድ ያጣላል” አሉ አቶ ታመነ፣ ሁለተኛውን እየጠቀለሉ።

ደወሉ ደግሞ ጮኸ። ውባንቺ ተመልሳ ተቀመጠችና አፏን ከፈተች።