ጣራ ሥር ያለችው

ሰው ሁሉ የሚመጣው ጣራው ሥር ጎጆ ለሠራችው ጉጉት ነበር። በአሮጊቷ በር ገብቶ፣ የአሮጊቷን ሳሎን አቋርጦ፣ በአሮጊቷ መሰላል ወጥቶ ኮርኒሱን በካሜራ ሲበረብር ይውላል። ለእሷ የሚተርፋት “እማማ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልን” ብቻ ነው። በገዛ ቤቷ ጠጋ በይ! አንጀቷ እርር ብሏል።

የጣጣው ሁሉ መነሻ ወፍ አጥኚዋ የልጅ ልጇ ናት። የዱር እንስሳትን ለመታደግ ገንዘብ የሚሰጥ ድርጅት አለ፤ የጉጉቷ ጎጆ ሳይነካ ጣራው እንዲጠገን፣ የጓሮው አሮጌ ዛፎችም እንዲጠበቁ ስትለማመጠው ከርማለች። ለአያቷ ግን ትንፍሽ አላለችም። አሮጊቷ በነጋ በጠባ “ይቺን ጩኸታም አውርዱልኝ” ትላለቻ!

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ አሮጊቷ ጋደም እንዳለች፣ ልጅቷ ሳሎን ሆና በስልክ ስታወራ ሰማቻት።

“አርጅታለች እኮ ጌታዬ። አንድ ዓይኗም ጠፍቷል። ይሄ ቤት ከፈረሰ መግቢያ የላትም። ካልደረሳችሁላት አለቀላት!”

የአሮጊቷን አንድ ዓይን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። ደሟ ፈላ። ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ ዱላዋን ይዛ ከተፍ አለች።

“ማነው ያለቀለት? በኔ ስም ልመና ወጣሽ?”

“ኧረ እማዬ…”

“ዝም በይ! ወዲህ በይው!” ስልኩን ቀማቻት። “ስማ አንተ ሰውዬ! በአንዱ ዓይኔ አንተ በሁለቱ የማታየውን አያለሁ። መግቢያ የላትም? የቤቱ ካርታ በስሜ ነው!”

ሰውዬው ሳቁን በሳል ሸፈነ። “እማማ፣ የምናወራው ስለ ጉጉቷ ነበር።”

አሮጊቷ ቀና ብላ ኮርኒሱን አየች፤ ከዚያ ልጅቷን። ልጅቷ አፏን በመዳፏ አፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

“አንቺ ጉደኛ!” አለቻት፣ እሷንም ሳቅ እየታገላት።

“እንኳን አገኘሁዎት” አለ ሰውዬው። “ባለቤቱ ጣራው አይፈርስም ብሎ ካላረጋገጠልን ገንዘቡን አንለቅም። እስካሁን የጠፋው የባለቤቱ ቃል ነው።”

የልጅቷ ሳቅ ቆመ። “ልጠይቅሽ ፈርቼ ነው፣ እማዬ። ታባርሪያታለሽ ብዬ።”

“ባባርራት ኖሮ መሰላሉን ማን ይሰጣችሁ ነበር? ያቺ ጩኸታም ድምጿ ሲጠፋ ‘ምን አገኛት’ እያልኩ እኔ ነኝ እንቅልፍ የማጣው። አንቺ ምን ታውቂያለሽ!”

ወደ ስልኩ ተመለሰች። “ጣራዬ አይፈርስም፤ ቃሌ ነው። አንተ ግን ራስህ ትመጣለህ። በሩን ታንኳኳለህ፤ መሰላሉን ሳትነካ እፊቴ ቁጭ ብለህ መጀመሪያ የእኔን ደህንነት ትጠይቃለህ። የእሷን ከዚያ በኋላ!”