የጃንጥላ ጠጋኟ መጨረሻ

ወንድሜ ስጦታው በሞተ በአርባኛው ቀን፣ ሞጣ፣ ሚስቱ ሰብለ ወንጌል ድንኳኑ መሀል ቆመች።

«ጋሼ፣ መንፈቁ ላይ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይናገሩ» አለችኝ። «ወይ በሐሰት ማለ ይበሉ፣ ወይ አልማለም ይበሉ። ልጆቼ የሐሰተኛ ልጆች እየተባሉ አያድጉም።»

እሺ አልኳት። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ሰዓት እከራከራት ነበር። እኔ ቢቸና ሥነ ዜጋ የማስተምር፣ በጋዜጣ ስንቱን ባለሥልጣን ያብጠለጠልኩ ሰው ነኝ፤ ክርክር ሸሽቼ አላውቅም። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ግን ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ። ጥርስ ነቃዩ ያደነዘዘው ድድ ዓይነት ሆኛለሁ፤ ብነክሰውም አይሰማኝም።

ነገሩ ሲነገር ያሳፍራል። የተጣላነው በጃፓን ካርቱን ነው።

በሰማንያ ስድስት ዓ.ም. ልጆች ሆነን ሞጣ አጎታችን ቤት እንማር ነበር። ከተማው ውስጥ ጋሽ ወልደ ሰንበት የሚባሉ ሰው ቪዲዮ ቤት ነበራቸው፤ ፊልሙ ሲሄድ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመው ይተረጉማሉ። አሥራ ሦስት ካሴት የሆነው ተከታታይ ካርቱን ታላቅ እህቷ ከቤት ስላባረረቻት፣ በዝናብ አገር ላገር እየዞረች ጃንጥላ ስለምትጠግን ልጅ ነው። ጋሽ ወልደ ሰንበት ልጅቱን አገሬ የሚል ስም አውጥተውላት ነበር። የአጎታችን ሱቅ ባዶውን ስለማይተው እኔ ቅዳሜ፣ ስጦታው እሁድ ነበር የምናየው። የመጨረሻውን ካሴት እኔ ሳይ አገሬ እህቷ በር ድረስ መጥታ ሳታንኳኳ ተመለሰች። ስጦታው ግን አንኳኳች፣ እህትዮዋም ከፈተችላት አለ። ለዓመታት ስንሳሳቅበት ኖርን።

በሁለት ሺህ ሁለት ዓ.ም. የአባታችን ተዝካር ቢቸና ሲወጣ ጨዋታው ተነሣ። ጠላ ቀምሰናል። እኔ እንደ ልማዴ አፋጠጥኩት። ስጦታው ተናደደና «በአባቴ አጥንት፣ አንኳኩታለች!» አለ።

«በተዝካሩ ቀን አጥንቱን በሐሰት ረገጥከው!» አልኩት ጮክ ብዬ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ሰማ። ስጦታው ጋቢውን አንሥቶ ወጣ።

በሐሰት ማለ የተባለ ሰው እኛ አገር ለምስክርነት አይጠራም፣ ለሽምግልና አይመረጥም። ይህን እያወቅሁ ቃሌን አላነሣሁም። በዓመቱ ኅዳር ላይ ከሞጣ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ፤ አንደኛው በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈዋል። በሩ ላይ ቆሜ፣ ማን ማን እንደሆኑ እንኳ ፊታቸውን ሳላስተውል፣ «ማስረጃ ይዛችኋል ወይስ ይቅር ለእግዜር ልትሉኝ ነው?» አልኳቸው። ባለ ጥቅልሉ አፋቸውን ሲከፍቱ በሩን ዘጋሁት። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። እኔ ተረቱን ፈጸምኩት፤ የጠፋው ግን አብሮኝ የተወለደው ነው።

እንግዲህ መንፈቁ ሳይደርስ ያን ካርቱን ማየት ነበረብኝ። ቢቸና ኢንተርኔት ቤት ወዳላት ልጅ ወደ ሰገነት ሄድኩ። አገሬ የምትባል ጃፓናዊት ፈልጊልኝ ስላት ጠረጴዛዋን ይዛ ሳቀች። በጃንጥላው ምልክት ግን አገኘችው።

«መምህር፣ ከታተመ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የሚሸጠውም የለም። የተሰረቀ ቅጂ ግን ሞልቷል። በሃያ ብር ፍላሽ ላይ ልጫንልዎት?»

«አልፈልግም።»

«ጃፓኖቹ ቢቸና ድረስ መጥተው አይከሱዎትም እኮ!»

ትቻት ወጣሁ። የሥነ ዜጋ መጽሐፌን ፎቶ ኮፒ እያባዛ የሸጠውን ነጋዴ ፍርድ ቤት ያቆምኩ ሰው ነኝ። ደግሞም ወንድሜን የምዳኘው በሌባ ምስክር አይደለም። ስለዚህ አዲስ አበባ ኤምባሲያቸው ደወልኩ፤ እነሱ ጋ የለም። ለኩባንያው በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። በአምስተኛው ሳምንት መልስ መጣ፤ ፈቃዱ ካለቀ ቆይቷል፣ ድጋሚ አላሳተሙትም፣ በኢንተርኔትም በሕጋዊ መንገድ የሚታይበት የለም። መጨረሻ ላይ አንዲት መስመር ነበረች፤ ዱሮ የታተመው ዋናው ካሴት ያለው ሰው ካገኙ ቤቱ ሄደው ቢመለከቱ ሕጋዊ ነው ይላል።

ዋናው ካሴት ያለው ሰው። ደብዳቤውን ሁለት ቀን ኪሴ ውስጥ አዞርኩት። ቪዲዮ ቤቱ እንደተዘጋ አውቅ ነበር፤ ባለቤቱ መኖር አለመኖራቸውን ግን ጠይቄ አላውቅም። ሞጣ የወንድሜ ከተማ ነበረችና ስድስት ዓመት እግሬ አልረገጣትም፤ የሄድኩት ለቀብሩና ለአርባው ብቻ ነው። ሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ያዝኩ። ደብረ ወርቅ ላይ አንዲት ሴት ዶሮዋን እግሬ ሥር አስቀመጠች። ዶሮዋ እስከ ሞጣ ጫማዬን ስትጭር ዝም ብዬ አየኋት።

ጋሽ ወልደ ሰንበት በሕይወት አሉ። አርጅተው ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። የመጣሁበትን ስነግራቸው ብዙ አዩኝና ተነሥተው ገቡ። ካሴቶቹን ሞጣ ሒሳብ ያስተምር የነበረ አንድ ጃፓናዊ ወደ አገሩ ሲመለስ ሰጥቷቸው ነው። የመጨረሻውን አወጡ። ሽፋኑ ላይ በእንግሊዝኛ «ለቤት ውስጥ ብቻ፤ ለሕዝብ ማሳየት ክልክል ነው» ይላል። እኚህ ሰው ሃምሳ ልጅ አንድ ክፍል አጭቀው ሲያሳዩ ኖረዋል። ድሮ ቢሆን በዚህ ብቻ ሦስት ዓምድ እጽፍ ነበር። መልሼ ሰጠኋቸው።

ማጫወቻውን በአረቄ ወለወሉት። ምስሉ ትንሽ ተንቀጠቀጠና ረጋ። ታች የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለው፤ ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር። ልጅቱ በዝናብ ውስጥ መጣች። እህቷ በር ላይ ቆመች። እጇን አነሣች። ከዚያ ምስሉ እጇ እንደተነሣ ቆመና ስም ዝርዝር መውረድ ጀመረ።

«ቀጣዩስ?» አልኳቸው።

«ቀጣይ የለውም። ይኸው ነው።»

«ጋሽ ወልደ ሰንበት! ተመለሰች ብለው ነግረውናል እኮ።»

«ቅዳሜ ዕለት ይሆናል። በር ላይ ገትሬ ሰው ላሰናብት ኖሯል? ስሞቹ እየወረዱ ታሪኩን እኔ በአፌ እጨርሰው ነበር።»

«እሁድስ?»

«እሁድ ሌላ ነው። እኔ ደብረ ወርቅ ሰባት ዓመት ቅኔ የቆጠርኩ ሰው ነኝ። ትናንት የተቀኘሁትን ዛሬ ልድገም? ነውር አይደለም እንዴ!»

ካሴቱን አውጥተው በነጠላ ጠቀለሉት። ጥቅልሉን ያኔ ነው የለየሁት።

«ወንድምህ እዚህ መጥቶ አይቶታል» አሉ። «አየ፤ ሳቀ። ጋሼም አልዋሸ፣ እኔም አልዋሸሁ፣ ሄደው ይንገሩልኝ አለኝ። ይህንኑ ይዤ ነበር በርህ ላይ የቆምኩት።»

ማልቀስ የነበረብኝ እዚያ ላይ ነው። ማጫወቻው ሙቀቱ እስኪወጣለት አብሬው ተቀመጥኩ።

ከዚያ ሰብለ ወንጌል ቤት ሄድኩ። በሩን ከፈተችና መግቢያውን ይዛ ቆመች።

«ማስረጃ ይዘዋል?» አለችኝ።

«ይዣለሁ።»

«ጋሽ ወልደ ሰንበትም ይዘው ነበር።»

«አዎ።»

«ለእኔ አይንገሩኝ፤ እኔ አውቀዋለሁ። ለሰው ይንገሩ።» ይግቡ አላለችኝም። እኔም አልጠበቅሁም።

መንፈቁ ዕለት ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ድንኳን ከገባ በኋላ ተነሣሁ። ያኔ ቢቸና ተዝካሩ ላይ የነበሩት ዘመዶች ሁሉ መጥተዋል። ንግግር አላዘጋጀሁም።

«ወንድሜ ስጦታው በሐሰት አልማለም» አልኩ። «በዓይኑ ያየውን፣ በጆሮው የሰማውን ነው የማለው። ማስረጃውን ሽማግሌ ደጄ ድረስ ሲያመጣልኝ በሩን የዘጋሁ እኔ ነኝ።»

«ነፍስ ይማር» አሉ። ሰብለ ወንጌል ራሷን ዝቅ አድርጋ ለትልቁ ልጇ የሆነ ነገር ነገረችው፤ ልጁ አየኝ። ተቀመጥኩ። ደረቴ ውስጥ የሚቀልል ነገር ስጠብቅ ነበር፤ የለም።

አጠገቤ የተቀመጠ የአጎታችን ልጅ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «ታዲያ ልጅቱ አንኳኳች ወይስ አላንኳኳችም?»

«አላውቅም» አልኩት።

ከእኔ አፍ ይህን ቃል ሰምቶ ስለማያውቅ የቀለድኩ መስሎት ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ፊት ለፊታችን ወደተቀመጡት ወደ ጋሽ ወልደ ሰንበት ዞረ። እሳቸውም ጠላቸውን አስቀምጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።